ዘጠነኛው ብረት

ዘሊካ «የለም» የሚባል ቃል አትወድም። መተማ ዮሐንስ፣ ከጉምሩኩ ወረድ ብሎ ያለው የመለዋወጫ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ይኼ ነገር የለም አይደል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንኳ አይሸጥለትም። «የለም ብለህ ከቤትህ የወጣኸው አንተ፤ እኔን ምን አስለፈለፈኝ! ሂድና የለም ከሚልህ ዘንድ ግዛ!» ብላ ታባርረዋለች። ተባራሪው ሁሉ ግን አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ምን ያድርግ? የትራክተር ፓምፕ ይሁን፣ የወፍጮ ቺንጋ ይሁን፣ የባጃጅ ካንዴላ ይሁን፣ እሷ ያጣችውን ሌላ ሰው አያገኘውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት አንድ ብረት አጥታ ምግብ አልበላ ያላት። ያውም የአውሮፕላን ብረት! ወይ ጉድ፣ መተማ ላይ የአውሮፕላን ብረት ምን ይሠራል ይባል ይሆናል። ነገሩ የመጣው በጋሽ አለምሰገድ ነው።

ጋሽ አለምሰገድ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ መካኒክ። በጣሊያኑ ጦርነት ጊዜ ቋራ ሜዳ ላይ የወደቀ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አለ ሲባል በወጣትነታቸው ሰምተው ነበርና፣ ጡረታ እንደወጡ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደዚህ ሙቀት ወረዱ። የሰው ወፍጮና ትራክተር እየጠገኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ያንን ብረታ ብረት ከየሜዳው ለቃቅመው ኒም ዛፍ ሥር በሠሩት የቆርቆሮ መጠለያ ከተቱት። የከተማው ሰው መጀመሪያ ላይ መቀለጃ አደረጋቸው። «ጋሽዬ፣ ወደ ገዳሪፍ የምንበረው መቼ ነው?» ይላቸዋል የባጃጁ ሹፌር ሁሉ። እሳቸውም ሳይቆጡ «መብረሩ ይቅርብኝ፤ አንድ ቀን ይጩህልኝ ብቻ» ይላሉ።

የአውሮፕላኑ ሞተር ዘጠኝ ሲሊንደር አለው፤ እንደ ሱፍ አበባ መሀሉን ከበው ዙሪያውን የተደረደሩ። በየሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዝ ክንድ የሚያህል የብረት ዘንግ አለ፤ መካኒኮቻችን ቢዬላ ይሉታል። ሞተሩ ሲገኝ ተበታትኖ ስለነበር ዘሊካ የጎደለውን ሁሉ ከየሰው ቤት አስለቅማለች። አንዱን ፒስተን አብርሃ ጅራ ላይ ዶሮ ውኃ ሲጠጣበት ነው ያገኘችው። ከቢዬላዎቹ አንዱ በአወዳደቁ ተጣሞ ነበር፤ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። በተጣመመው ምትክ ገላባት ያለው ወዳጇ ኡመይር፣ ሱዳን ጦርነት ሳይገባ በፊት፣ ከፖርት ሱዳን አንድ አስመጣላት። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ኡመይርም ሱቁን ጥሎ ልጆቹን ይዞ ወደ መተማ ተሻገረ። የቀረው አንዱ፣ ዘጠነኛው፣ የገባበት ጠፋ።

ይኼ ሁሉ ለጋሽ አለምሰገድ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ቢሆን ዘሊካም ባልተጨነቀች። ግን የሰውየው ጆሮ እየሄደ ነው። ግራው ከሞተ ቆይቷል። ቀኙም ቀስ በቀስ እየተዘጋ እንደሆነና መመለሻ እንደሌለው ጎንደር ያለው ሐኪም ቁርጡን ነግሯቸዋል። አንድ ቀን ሱቋ መጥተው፣ ድምፃቸው ለራሳቸው ስለማይሰማቸው እየጮኹ፣ «ልጄ፣ ስንት ሞተር አስነስቼ ስንቱን በጆሮዬ ብቻ በሽታውን አውቄለታለሁ። ይኼኛው ጆሮዬ ከተዘጋ በኋላ የሚነሳ ከሆነ ለማን ብሎ ነው የሚነሳው?» አሏት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ዘሊካ አንጀቷን በሏት።

ደግሞም ውለታ አለባት። የበኩር ልጇ ሉባባ ምጥ ይዟት፣ ክረምት ላይ፣ አምቡላንሱ ሸህዲ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀጥ አለ፤ ናፍጣው ከታንከሩ አልመጣ ብሎ። በዚያ በሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ የነበሩት ጋሽ አለምሰገድ ወረዱ፤ አዩት። ጀሪካን ናፍጣ ተሸክመው አምቡላንሱ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ቱቦውን በመስኮት ወደ ሞተሩ አስገብተው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ናፍጣውን ከላይ እያወረዱ ሸህዲ ሆስፒታል አደረሱት። ሉባባም ተረፈች። ያኔ የተወለደችው ሁሪያ ይኸው ዛሬ ቦርሳ አዝላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዘሊካ ያቺን ልጅ ባየች ቁጥር ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው ይታያታል። «አላህ ለኔ ቢል ነው በዚያች ሰዓት ያንን ሰው በዚያ መንገድ ያሳለፈው» ትላለች፤ ትልና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች።

ስለዚህ የተጣመመውን ቢዬላ ለናሙና ከዘንቢሏ አታወጣውም ነበር። ገበያ ስትሄድ ይዛው፣ ለቅሶ ስትሄድ ይዛው። «እንዲህ ያለ ብረት አይታችኋል? ይኼ ጎባጣ ነው፤ እኔ የምፈልገው ቀጥ ያለውን ነው» ትላለች ላገኘችው ሁሉ። ሰው አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። እሷም «የለም እንዳትለኝ ብቻ!» ብላ ትሄዳለች።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ በገለጉ መንገድ ላለ አንድ እርሻ የትራክተር ፓምፕ ልታደርስ በጭነት መኪና ወጣች። አድርሳ ስትመለስ ከዝናቡ ገና ያልደረቀው ዋልካ መሬት መኪናውን እስከ ሆዱ ዋጠው። ሹፌሩ «ትራክተር መጥቶ እስኪጎትተን እንጠብቅ» አላት። እሷ ደግሞ መጠበቅ የሚሉትን ነገር የት ታውቀዋለች! ከማሽላው ማዶ የእርሻ ካምፕ ጭስ አየች። «ትራክተሩን እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» ብላ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ መንገዱን ትታ በማሽላው መሀል አቋረጠች።

የዚያ አገር ሰው የቋራን ማሽላ ያውቀዋል። ቁመቱ ሰው ይውጣል፤ ሰማይ እንጂ ሌላ አያሳይም። ጭሱ ወዲያው ጠፋባት። ወደ ቀኝ ነው ስትል ወደ ቀኝ፣ የለም ወደ ግራ ነው ስትል ወደ ግራ፣ መጨረሻ ላይ የራሷኑ ዱካ ተመልሳ አገኘችው። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። ፀሐይዋ ልትገባ ደርሳለች። ጮኸች፤ ድምጿን ማሽላው በላው። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ጠረፉን ሙሉ ያንቀጠቀጠች ሴትዮ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ያ ረቢ፣ ለጅብ አትስጠኝ!» ብላ አለቀሰች።

ካለቀሰች በኋላ ቢዬላው ትዝ አላት። ሻሿን ፈታ በዘንጉ ቀዳዳ አሾለከችና በአንድ እጇ አንጠለጠለችው፤ ደረቅ እንጨት አንስታ መታችው። ድምፁ ከጠበቀችው በላይ ጠርቶ ወጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወዲያው የማይሞት። ደጋግማ መታችውና ስታቆም ያው ድምፅ ከሩቅ መጣ።

መጀመሪያ የገደል ማሚቶ መሰላት። ከዚያ ክው አለች። በዚያ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ተራራ የለ፣ ገደል የለ፤ የገደል ማሚቶ ከየት ይመጣል? እንደገና መታችው። እንደገና መለሰላት፤ ያው ቀጭን፣ ያው ረጅም። የዘሊካ ጆሮ ደግሞ የብረት ጆሮ ነው፤ ትክክለኛውን ኩሽኔታ ከፎርጅዱ ጠረጴዛ ላይ ጥላ በድምፁ የምትለይ ሴት ናት። «ወላሂ እሱ ነው» አለች ለማሽላው። ተነሥታ ወደ ድምፁ ሄደች፤ በጠፋባት ቁጥር እየቆመች ትመታለች፤ ያኛውም ይመልስላታል።

ማሽላው አልቆ ካምፑ ሲገለጥ፣ የቀን ሠራተኞቹ፣ የአገሩ ሰው ሳሉግ የሚላቸው ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱት ወጣቶች፣ ዱላቸውን ይዘው ተሰብስበው ጠበቋት። ከፊታቸው የካምፑ ወጥ ሠሪ እትዬ ባንቺአየሁ ቆመዋል፤ አጠር ያሉ፣ ጠንካራ፣ ጥቁር የዞቢ እንጨት ዱላ የያዙ ሴትዮ።

«ሰው ነሽ ሰይጣን?» አሏት።

«ሰው ነኝ እማማ፣ የትኛው ሰይጣን ዘንቢል ተሸክሞ ያውቃል!»

«እሰይ፣ እግዜር ያውጣሽ! የእኛ ብረት ከማሽላው ውስጥ ሲጮህ፣ ከተሰቀለበት መኖሩን እንኳ ተጠራጥሬ ዞሬ አየሁት።» ከዚያ ወደ ካቦው ወደ ምናለ ዞሩ። «ሁሉም ገቡ?»

ምናለ ሰዎቹን በዓይኑ ቃኘ። «ሁሉም ገቡ እትዬ።»

ያኔ ዱላውን አስቀመጡ። በዚያ ካምፕ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ባንቺአየሁ ብረቱን መምታት ይጀምራሉ፤ በማሽላና በሰሊጥ መሀል የቀረ ሰው ድምፁን ይዞ ይገባል። «ሁሉም ገቡ» ሳይባል ዱላው አይቀመጥም።

ብረቱ ከግራር ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሏል። ዘሊካ ጠጋ ብላ አየችው። ቢዬላ! ቀጥ ያለ፣ ዝገት ያልነካው፣ እንደ ቀንድ ማንኪያ የሚያብለጨልጭ ቢዬላ። እጇን ልካ ልትነካው ስትል እትዬ ባንቺአየሁ ከጎኑ የተሰቀለ ጠርሙስ አወረዱና ሰጧት።

«ቀቢው።»

«ምንድን ነው?»

«የሰሊጥ ዘይት። በዚህ ብረት ድምፅ የገባ ሰው ሳይቀባው አይተኛም። ምስጋናው ነው። ሲሰቀል የነበሩት አባቶች እንዲህ ነው ያሉን፦ በብረት አትምቱት፣ በዞቢ ምቱት፤ የገባ ሰው ይቀባው።»

ዘሊካ ዘይቱን መዳፏ ላይ አፍስሳ ከላይ እስከ ታች አሸችው። ጣቷ ሁለቱን ቀዳዳዎች አገኘ፤ ናሙናው ላይ በዳሰሳ የምታውቃቸውን የተቀረጹ ምልክቶች አገኘ። ምን ብላ እንደምትጠይቅ ጨነቃት። ለወትሮው ቃል የማያንሳት ሴት!

በመጨረሻ እንደ ነጋዴ ጀመረችው። የመኪና ቸርኬ አመጣላችኋለሁ አለች። እትዬ ባንቺአየሁ ሳቁ። «ቸርኬማ ከዚህ እስከ ገለጉ ያለ ካምፕ ሁሉ ይመታል። ከወሎ ትናንት የመጣ ልጅ የትኛው የኛ እንደሆነ በምን ይለየዋል? ያንዱን ቸርኬ ተከትሎ ሌላ ሰው ካምፕ ገብቶ ያድራል፤ እኛ ሌሊቱን ሙሉ ስንፈልገው።» የመኪና ጡሩንባ አለች። «ባትሪው ሲያልቅስ?» አሏት። ዘሊካ ተናደደች። «አንዲት ብረት ናት እኮ እማማ! ምን እንዲህ ያደርጋችኋል?»

እትዬ ባንቺአየሁ ፊታቸው ተለወጠ። ግን አልተቆጡም፤ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ማሩ የሚባል ባል ነበረኝ፤ ነፍሱን ይማረውና። ከጎጃም አብረን ወርደን፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ወባ ጣለው። ሲያቃዠው ተነሥቶ ማሽላው ውስጥ ገባ። ያኔ የመታሁትን አመታት! እጄ ደማ። ሰው ሁሉ ሞቷል፣ ተይው ሲለኝ እኔ አልተውም አልኩ። በጉልበቱ እየዳኸ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ወለድን፣ ዳርን፣ አረጀን። ይኼ ብረት ያወጣልኝ እሱን ነው። አሁን አንቺ ውሰጂው ትይኛለሽ?»

ዘሊካ መዳፏን አየች። እሷስ ራሷ አሁን በዚሁ ድምፅ አይደል የገባችው? ደረቷ ውስጥ ሁለት ውለታ ተፋጠጠባት፤ አንዱ ጣሪያ ላይ ዝናብ የሚመታው ሰውዬ፣ አንዱ እጇ ላይ ገና ያልደረቀው ዘይት። ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰችም የጋሽ አለምሰገድን ጆሮ፣ የሉባባን ምጥ፣ የጀሪካኑን ነገር፣ የሁሪያን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። «እንዲያው እንድታውቁት ነው እንጂ አሁን ስጡኝ አልልም» አለች መጨረሻ ላይ። «የኔ አፍ ደግሞ አልልም ሲል ይኼ የመጀመሪያው ነው።»

እትዬ ባንቺአየሁ እሳቱን ቆሰቆሱ።

«ቆይ አንቺ» አሉ ድንገት። «እዚያ ማሽላ ውስጥ ስትመቺው የነበረው ምንድን ነው?»

ዘሊካ አፏን ያዘች። ዘንቢሏ ውስጥ እጇን ከትታ የተጣመመውን ቢዬላ አወጣች። ሞተሩ የማይፈልገው፣ እሷም ለናሙና ብቻ የያዘችው ጎባጣ!

እትዬ ባንቺአየሁ ቀጥ ያለውን ከግራሩ አወረዱና ጎባጣውን ሰቀሉት። ዱላቸውን አንስተው መቱት። ገና ድምፁ ሳይሞት ምናለ ከዳሱ ውስጥ በባዶ እግሩ እየሮጠ ወጣ።

«ማን ቀረ እትዬ? ሁሉም ገብተው የለም ወይ?»

እትዬ ባንቺአየሁ በሳቅ ፈረሱ። «ካቦው እንኳ አልለየውም! በል ግባ፣ ማንም አልቀረም።» ከዚያ ለዘሊካ ቀጥ ያለውን አስታቀፏት። «ውሰጂው። አውቃለሁ፣ ይኼ ማሩን ያወጣው ነው። ያ ጎባጣ ደግሞ አንቺን አውጥቷል፤ ስለዚህ እሱም ሰው አውጥቷል። ለሰውየው ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ሲያስነሱት እንዲጠሩኝ። የማሩን ብረት ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ።»

«የትኛውን ልቀባ ታዲያ?»

«የቱ ነው ያመጣሽ?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያ ሁለቱንም ቀቢያ! ዘይቱ እንደሆነ አይጎድልብሽ።»

ሲነጋ የካምፑ ትራክተር መኪናውን ከነሹፌሩ ከዋልካው ጎትቶ አወጣ። መተማ ላይ ጋሽ አለምሰገድ ብረቱን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አቀፉት። ወዲያው ግን መካኒክነታቸው መጣ። ላምባ ውስጥ ነከሩት፤ ጠርገው ኖራ ቀቡት፤ ስንጥቅ ካለ ላምባው በነጩ ላይ ይወጣል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ኖራው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ምንም የለበትም!» ብለው ጮኹ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ውጭ ተንጠልጥሎ? እኛ መጋዘን ቆልፈን ያስቀመጥነው እንኳ እንዲህ አይቆይም ነበር! ማነው የያዘው?»

ዘሊካ ቀኝ ጆሯቸው ላይ አፏን ገጥማ፣ የዘይቱን ነገር፣ የዞቢውን ዱላ፣ «ሁሉም ገቡ» ሳይባል የማይቀመጠውን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። «ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ነው የያዘው ጋሽዬ» አለች። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና እንባቸውን ሳይደብቁ አለቀሱ። ሊገጥሙት ሲሉ ግን ዘሊካ እትዬ ባንቺአየሁ የላኩትን ጠርሙስ ደቀነችባቸው። «ለሞተር የሰሊጥ ዘይት! አንቺ ሴት አበድሽ?» እያሉ እየሳቁ፣ እሷን ደስ ይበላት ብለው ትንሽ ቀቡት።

ጥር ላይ፣ ካምፑ ሲበተን፣ እትዬ ባንቺአየሁ ወደ ጎጃም ሲመለሱ መተማ ወረዱ። ያንን ዞቢ ዱላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘውታል። ኒሙ ሥር ሰው ግጥም ብሏል፤ ኡመይር ልጆቹን ይዞ መጥቷል፣ ሉባባ ሁሪያን ይዛ መጥታለች፣ የቀለዱት ሹፌሮችም አልቀሩ። ጋሽ አለምሰገድ ግን ከዚያ ወዲህ ጆሯቸው እጅግ ደክሞ ነበር። ጠዋት ዘሊካ ሰላም ስትላቸው አልሰሟትም፤ ዝም ብለው ፈገግ አሉ። ዘገየን እንዴ? አለች በልቧ። ያ ረቢ፣ ዘገየን እንዴ?

ኡመይር የአውሮፕላኑን የፊት መዘውር ይዞ አሽከረከረው። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። ደግሞ አሽከረከረው። አስነጠሰ፤ ሳለ፤ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ተነሣ። ያ ሰላም! ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ዶሮ ሁሉ ተበተነ፤ የኒሙ ቅጠል እንደ ዝናብ ወረደ። ጭሱ የተቆላ ሰሊጥ ሸተተ፤ ሰውም እየሳለ ሳቀ። እትዬ ባንቺአየሁ ዓይናቸውን ጨፍነው «ማሩዬ፣ ማሩዬ» ይላሉ።

ዘሊካ አውሮፕላኑን አላየችውም። የምታየው ጋሽ አለምሰገድን ነው። እጃቸውን ሰብስበው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። አልሰሙም፣ አለች፤ አልሰሙም።

ሽማግሌው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዞሩ። አንድ ጣታቸውን አጠፉ። ከዚያ ሌላውን። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ማሽላው ውስጥ ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው እየቆዩ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ። ዘጠነኛው ሲሊንደር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ዘጠነኛውንም አጠፉና፣ ሞተሩን አስንቀው፣ ከተማው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ሁሉም ገቡ!»

እትዬ ባንቺአየሁ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ዱላቸውንም መሬት ላይ አስቀመጡ። ዘሊካ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ጋሽ አለምሰገድ ግን ወደ እሷ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

«ዘይቱን አምጪው እንጂ» አሏት። «እኔም ገብቻለሁ።»